ወሬው ከውሃው ይቅደም

መምህራችን ዶክተር አሪየት ማረፏን የሰማሁት ጋምቤላ ድልድይ ሥር፣ የብረት ምሰሶ ላይ ተንጠልጥዬ ነው። በጋ ነበር፤ ባሮ ጎድሎ ዳርና ዳሩ አሸዋ አውጥቷል። የውሃውን ከፍታ የሚለካውን መሣሪያችንን ከክረምቱ ጭቃ ላጸዳ ወጥቼ፣ መፍቻውን በጥርሴ እንደያዝኩ ስልኬ ጠራ። የደወለው ጋትሉዋክ ነው፤ አብሮኝ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ማስተርሱን የሠራ የማታር ልጅ።

«ሰይዶ፣ ምሰሶው ላይ ነህ?»

«አዎ፣ ምነው?»

«መጀመሪያ ውረድ» አለኝ።

ወረድኩ። አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ ያን ጠዋት አርፋለች። አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ አልዋሽም። ካለቀስኩ በኋላ ደግሞ ተመልሼ ወጣሁና ጽዳቱን ጨረስኩ። ሥራን በግማሽ ጥሎ መሄድ እሷ ዘንድ ከስድብ የባሰ ነበር።

እንግዲህ ስለ አሪየት በሐዘን ድምፅ አውራ ብትሉኝ አልችልበትም። ሞክሬዋለሁ። ለቅሶ ቤት እንኳ ስለ እሷ ስጀምር እጄ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ወሬዬ ይፈጥናል፣ አጠገቤ ያለው ሰው «ቀስ በል እንጂ» ይለኛል። እሷን ያወቀ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። አንድ ነገር ታስይዝሃለች፤ ወላሂ ከእጅህ አይለቅም።

አኙዋክ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ኢታንግ ነው። ረጅምና ቀጭን ነበረች። አብሯት የሚሄድ ሰው ሶምሶማ ካልሮጠ አይደርስባትም። ጸጉሯ ውስጥ ሁልጊዜ እስክሪብቶ ሰክታ «እስክሪብቶዬን ማን ወሰደው?» እያለች ቢሮውን ታተራምሰዋለች። አንቱታ አትወድም። አዲስ ተማሪ «እርስዎ» ሲላት ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንደቆመ ታያለች። ሰዓት ላይ ግን ምሕረት አልነበራትም። በር ላይ ቆሞ የሚያቅማማ ተማሪ ካየች «ወይ ግባ ወይ ውጣ፣ በር መቆሚያ አይደለም» ትላለች፤ ሰው ሁሉ ከቁጣዋ ይልቅ ይህቺን አባባሏን ይፈራል።

ከሁሉም ከሁሉም «ከዚያስ?» የምትለው ነገር ነበራት። ተማሪ ስለ ጥናቱ ሲያስረዳት ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ በደንብ ታዳምጣለች። «መሣሪያው ይለካል» ይላታል። «ከዚያስ?» «ከዚያማ መረጃውን ይልካል።» «ከዚያስ?» «ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ግራፍ ይወጣል።» «ከዚያስ?» እዚህ ላይ ብዙው ሰው ይደርቃል። ግራፉ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚሆን ያሰበ የለማ። እሷ ግን ስታዋርድ አላየኋትም። ፊቷ ላይ እውነተኛ ጉጉት ነበር፤ ቀሪውን ተረት እንደሚጠብቅ ልጅ።

በትምህርት ክፍላችን ኮሪደር የመምህራኑ ፎቶና የምርምር ፍላጎት የተለጠፈበት ሰሌዳ አለ። አንዱ ጋ «ፓወር ሲስተም» ይላል፣ ሌላው ጋ «ኮንትሮል»፣ ቀጥሎ «ሲግናል ፕሮሰሲንግ»፣ ደግሞ በቅርቡ ሁሉም ሰው የጨመራት «አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ» አለች። የአሪየት ፎቶ ሥር ግን በእጅ ጽሑፍ፣ በአማርኛ፣ «ወሬው ከውሃው እንዲቀድም» ይላል። ሌላ ነገር የለም።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ታደለ፣ ደግ ግን ሥርዓት ወዳድ ሰው፣ ስለዚህ ነገር ኮሪደሩ ላይ ሲለምኗት ሰምቻለሁ።

«አሪየት፣ ይሄ እኮ መፈክር ነው። ከላይ ለግምገማ ሲመጡ ምን እላለሁ? ‹ኮሙኒኬሽን ሲስተምስ› ብለሽ ብትጽፊው ምን ይጎድልሻል?»

«ኮሙኒኬሽንማ መንገዱ ነው፣ ታደለ። ሰሌዳው ግን የሚጠይቀኝ ፍላጎትሽ ምንድን ነው ብሎ ነው። ፍላጎቴ ይሄ ነው» አለቻቸው። ሳቁና ተዉአት።

ምክንያቱን የነገረችን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ጥያቄ ብናበዛባት ጊዜ። ልጅ ሆና ጎሬ፣ ደጋው ላይ፣ ትምህርት ቤት ገብታ ነበር። አንድ ክረምት ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ ዘነበ። የጎሬ ዝናብ ወዴት እንደሚሄድ የባሮ ዳር ልጅ ጠንቅቆ ያውቃል። ቁልቁል ወርዶ፣ ባሮን ሞልቶ፣ ኢታንግን ነው የሚያገኘው። «ዝናቡን በመስኮት አየዋለሁ» አለችን። «ወዴት እየሄደ እንደሆነ አውቃለሁ። ማንን እንደሚያገኝም አውቃለሁ። የምልክበት መንገድ ብቻ የለኝም።» ውሃው እነሱ ቤት ደረሰ። አያቷን ወሰዳት። ይህን ከነገረችን በኋላ እስክሪብቶዋን ከጸጉሯ መዝዛ «በሉ፣ ወደ ሥራ» አለች። እስክሪብቶው የት እንዳለ ያወቀችው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

የእሷ ተማሪ የሆነ ሰው ርዕስ የሚጸድቅለት በጉባኤ አልነበረም፤ ገበያ ነው። ሕጓ እንዲህ ነበር። ሐሳብህን ይዘህ ገበያ ትወርዳለህ። ሥራ ላይ ላለ ሰው፣ ያለ እንግሊዝኛ፣ በሚገባው ቋንቋ ታስረዳለህ። ሰውየው «እሺ፣ ጎበዝ» ብሎ ወደ ሥራው ከተመለሰ ርዕስህ ወድቋል። የማትመልሰውን ጥያቄ ከጠየቀህ አልፈሃል። «ማወቅ የማይፈልጉትን ነገር አጥንተህ ለማን ልታስረክብ ነው?» ትል ነበር።

እኔ ከውጭ መጽሔት ያገኘሁትን የዘመናዊ ኃይል ማከፋፈያ ትንበያ ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ ወረድኩ። አባቴ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ አቦቦ ያረሰ ገበሬ ነው፤ የልጁን ርዕስ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር። አሪየት የወሰደችኝ ማማ ኛሉዋል ወደምትባል የኑዌር ዓሣ ሻጭ ነው። ስለ ነገው የመብራት ፍጆታ ትንበያ ሳስረዳት ማማ ቢላዋዋን አላቆመችም። ጨረስኩ። «እሺ። መብራት የለም እኮ» አለችኝና ቀጣዩን ዓሣ አነሳች። አሪየት ክንዴን ይዛ እየጎተተች «ወድቀሃል፣ ና ሻይ ልጋብዝህ» አለችኝ። እንደዚያ ቀን በውድቀቴ የሳቅኩበት ቀን የለም።

እኔ ብቻ አይምሰላችሁ። ከእኛ ጋር የነበረች ሕይወት የምትባል ልጅ ሮቦት ልትሠራ ወርዳ፣ የኩሌ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ሶላሩ ሲደክም የክትባቱን ፍሪጅ በቅዝቃዜ ስለሚያቆይ ዘዴ ይዛ ተመለሰች። ገበያ ያገኘቻት አንዲት ነርስ ናት ጉድ ያደረገቻት። ኮሪደሩ ሁሉ ወሬ ሆነ። የሌሎች መምህራን ተማሪዎችም ተደብቀው ገበያ መውረድ ጀመሩ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ዶክተር ታደለን ከቲማቲም ነጋዴ ጋር ሲከራከሩ አገኘኋቸው፤ ሲያዩኝ ቲማቲም ገዙ።

ጋትሉዋክና እኔ ሁለተኛ ስንወርድ የያዝነው የእሷን ሐሳብ ነበር። ድልድዩ ሥር ውሃውን የሚለካ መሣሪያ ይተከላል። ውሃው ከልኩ ሲያልፍ በየመንገዱ ባሉ ሳጥኖች ቅብብል በሬዲዮ ኢታንግ ይደርሳል። እዚያ ያለው ሳጥን ይጮኻል። ጋትሉዋክ በኑዌርኛ አስረዳት። ማማ ኛሉዋል ቢላዋዋን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ ለእኔም እንዲገባኝ በአማርኛ አደረገችው፤

«ውሃ ከዚህ ድልድይ ተነስቶ ኢታንግ መቼ ይደርሳል?»

ተያየን። ማናችንም አናውቅም።

«ደግሞ ሳጥን ሲጮህ» አለች፣ «የሚጠራኝ ማነው?»

«ሳጥኑ ነዋ» አልኳት።

«ሳጥን ማነው?»

ሦስታችንም ሳቅን፤ ከኋላችን የቆመችው አሪየትም ሳቀች። የመጀመሪያውን ጥያቄ ይዘን እንደ ሎተሪ አሸናፊ ወደ ግቢ በረርን። የውሃው ጉዞ የእኔ ጥናት ሆነ፤ የሬዲዮው ቅብብል የጋትሉዋክ። ሁለተኛውን ጥያቄ እዚያው ዓሣው አጠገብ ትተነው ሄድን።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ፣ አቦ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። በጀልባ ወጣን፣ በሞተር ሳይክል ወረድን፣ የሬዲዮው ሞገድ ረጃጅም ዛፍ ሲያገኝ እየጠፋብን ሳጥኖቹን ከቦታ ቦታ አዛወርን። ዝንጀሮ አንዱን ሶላር ነቅሎ ወሰደ። ኢታንግ ላይ የመጨረሻውን ሳጥን የተከልነው ጋሽ ከማል የሚባል ነጋዴ ሱቅ ጣሪያ ላይ ነው፤ ከሠፈሩ ከፍ ያለው ቆርቆሮ የእሱ ስለሆነ። ከማል እንደ አባቴ የወሎ ሰው ነው፤ ኢታንግ ሱቅ ከከፈተ ልጆቹ አድገዋል። ጎርፍ በመጣ ቁጥር ስኳሩን ወደ ላይ ካልቆለልኩ ብሎ ውሃ እስከ ወገቡ የሚደርስበት፣ በመጨረሻም በጀልባ የሚጎተት ሰው ነው። ሠፈሩ በሙሉ ይህን ያውቃል፤ ይቀለድበታል።

ከድልድዩ የተላከው የመጀመሪያ ምልክት ከማል ጣሪያ ሲደርስ አሪየት ሱቁ ፊት ጭቃው ላይ ነበረች። ትንሿ አረንጓዴ መብራት በራች። አሪየት ጫማዋን አውልቃ ወረወረችና ጨፈረች። እናቷ ከማዶ ካለው ቤቷ ወጥታ «ይቺ ልጅ አሁንም አልጨረሰችም?» አለች፤ ትልቅ ሰው ናት፣ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። አሪየት ምርኩዙን ቀምታ በእሱም ጨፈረች። ወረዳው፣ ገበያው፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ያን ዕለት የማንሠራው ነገር ያለ አልመሰለኝም።

በሳምንቱ ሙከራ አደረግን። ሕዝቡ አስቀድሞ ተነግሮታል፤ ሳጥኑ ሲጮህ ሁሉም ወደ ትምህርት ቤቱ ጉብታ ይወጣል። ከአዲስ አበባ ያስመጣነውን ሳይረን ለቀቅነው። ሰማይ ይቀድዳል። እኛ ጉብታው ላይ ቆመን ሰው እንጠብቃለን፤ ማንም የለም። ቁልቁል ስናይ ኢታንግ በሙሉ ባዶ ጆንያና ጀሪካን ይዞ ወደ ወንዙ ዳር እየሮጠ ነው።

ነገሩ ወዲያው ተገለጠ። ባለፈው ትልቅ ጎርፍ ጊዜ የእርዳታ ዱቄትና ዘይት የሚያመጣው መኪና ወንዙ ዳር ሲደርስ ልክ እንዲህ ያለ ሳይረን ያሰማ ነበር። እኛ ሦስታችን ያኔ እዚያ አልነበርንም፤ አሪየት ለዶክትሬቷ ውጭ ነበረች። ለኢታንግ ሰው ያ ድምፅ «ኑ ውሰዱ» ማለት ነው። የተነገራቸውንም ረስተው ሳይሆን፣ ጆሯቸው ከምክራችን ቀድሞ እግራቸውን አዘዘው። እውነተኛ ጎርፍ ቢሆን ኖሮ በገዛ እጃችን ሕዝቡን ወደ ውሃው ጠርተን ነበር።

የወረዳው ኃላፊ ተቆጣ፤ ልክ ነው። «ሰው ስቋል ዛሬ። ነገ ግን አያምናችሁም። ያልታመነ ሳጥን ጣሪያ ላይ ምን ይሠራል? አውርዱት» አለ። አሪየት አልተከራከረችም። የከማልን የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ወጣችበትና ያለ ምንም ድምፅ ማጉያ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቀች። በአኙዋክኛ ተናገረች፣ በአማርኛ ተናገረች፣ በዚያ አኙዋክኛ አኙዋክኛ በሚል ኑዌርኛዋም ተናገረች፤ ኑዌሮቹ በሳቅ ፈረሱ። ሰዉ ጆንያውን አጣጥፎ አዳመጣት። ማንም ጥሏት አልሄደም።

ሕዝቡ ሲበተን እዚያው ሳጥን ላይ ተቀመጠች።

«ሰይድ፣ ሬዲዮው ሠርቷል?»

«ሠርቷል።»

«ሳጥኑ ጮኋል?»

«ጮኋል።»

«ከዚያስ?»

መሬት መሬት ሲያይ የነበረው ጋትሉዋክ ነው የመለሰው። «ዶክተር፣ ማማ ኛሉዋል ጠይቃን ነበር እኮ። የሚጠራኝ ማነው ብላ።»

አሪየት ብድግ አለች። ፊቷ ሲበራ አየሁት። ጥያቄውን የረሳችው እሷም ጭምር ናት፤ ለዚህ አንድም ጊዜ አላፈረችም፣ እንዲያውም ለሚቀጥሉት ተማሪዎች ሁሉ እየሳቀች ስታወራው ነበር። «አሁን የሰማኝ ሰው ሁሉ ማን እንደምናገር ያውቃል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃል። ሳይረን አባት የለውም» አለች። ወደ ወረዳው ኃላፊ ቢሮ እየሮጠች ሄዳ ትንሽ ጊዜ ለምና መጣች።

ድምፁን የቀዳነው ዩኒቨርሲቲው ቢሮዋ ውስጥ፣ ፋኑን አጥፍተን፣ በላብ ተጠምቀን ነው። ዶክተር ታደለ ራሳቸው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ተማሪ ዝም ያሰኛሉ። እኔ በደንብ የተስተካከለ ጽሑፍ አዘጋጅቼላት ነበር፤ «ክቡራን የኢታንግ ነዋሪዎች» የሚል። ሁለት ቃል አንብባ ወረወረችው። ከዚያ በራሷ አፍ ጀመረች።

«አሪየት ነኝ። ውሃው ተነስቷል። ልጆች ያዙ፣ ሽማግሌ ያዙ፣ ወደ ጉብታው ውጡ። ዕቃ ይቅር። በር ላይ አትቁሙ፣ በር መቆሚያ አይደለም። ከማል፣ ስኳሩን ተወው።»

ጋትሉዋክ መቅጃውን ይዞ በሳቅ ተንከተከተ። እንደገና መቅዳት ነበረብን። ከማልን እናውጣው አልኳት፤ መሣሪያ ላይ የሰው ስም ተጠርቶ አያውቅም አልኩ። «ለዚያ ነዋ ማንም የማይሰማው» አለችኝ። በአኙዋክኛውም በኑዌርኛውም እንዲሁ አንድ አንድ ዘገምተኛ በስሙ ጠርታለች፤ እነሱን እዚህ አላነሳም፣ ይታዘቡኛል። የትኛው ቋንቋ ይቅደም የሚል ክርክር ሲነሳ ደግሞ ጋትሉዋክ በጮኸ ቁጥር ቅደም ተከተሉ እንዲዞር አድርጎ ሠራው። «ጎሽ። ውሃው ማንንም በተራ አይጠራም፣ እኛ ግን ተራ እንጠብቅ» አለች።

በገበያ ቀን ሞከርነው። የከማል ጣሪያ «አሪየት ነኝ» ሲል ገበያው በአንድ ጊዜ ቀና አለ። ሰው እየተሳሳቀ፣ ልጁን እያዘለ ወደ ጉብታው ወጣ። ከማል የስኳር መስፈሪያውን እንደያዘ ከሱቁ ብቅ አለና «በሰው ፊት ስሜን?» አለ፤ ቢሆንም ወጣ። አሪየት ጉብታው ላይ እየዞረች ሰው ታቅፋለች። የወረዳው ኃላፊ ግን ጠንቃቃ ነው። «ይሄ ጨዋታ ነው። ውሃ ሲመጣ እናያለን» አለ።

ውሃው አልመጣም። ያን ክረምት ባሮ ልኩን ሳያልፍ ቀረ። ሰው ሁሉ አላህን ሲያመሰግን እሷም አመሰገነች፤ ልቧ ውስጥ ግን ጥያቄው እንዳለ ነበር። ለጨዋታ የወጣ ሰው እውነተኛው ቀን ሲመጣ ይወጣል ወይ? ወሬው በእርግጥ ይቀድማል? መስከረም ላይ ታመመች። ሕመሙ ቸኩሎ ነው የመጣባት፣ እንደ አካሄዷ። አዲስ አበባ ተኝታ በየጠዋቱ ትደውልልኛለች። «እንዴት አደርሽ?» ስላት «እኔን ተወኝ፣ ውሃው የት ደርሷል?» ትላለች። በኅዳርም፣ ወንዙ ጎድሎ ልጆች በእግር በሚሻገሩበት ጊዜም «የት ደርሷል?» ትል ነበር። መልሱን ሳታውቅ ሄደች። ይህ ነው ሲያቃጥለኝ የከረመው።

የቀበርናት ኢታንግ ነው። ብዙም ሳይቆይ ወረዳው ጠራን። ትምህርት ቤቱ ያለው የማንጎ ዛፍ ሥር ሰው ተሰብስቧል። አንዳንዱ ሰው ልቡ ፈርቷል፤ የሞተች ሴት «አሪየት ነኝ» ብላ ስትጠራ እንዴት እንወጣለን ይላል። አንዱ ሽማግሌ «የሞተ ሰው ‹ኑ› ሲል ወዴት ነው የሚጠራው?» ብሎ ጠየቀ። የወረዳው ኃላፊም ተጨንቆ ነበር፤ ሰው ፈርቶ ከቀረ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው። እንደዚያ ከሆነ ብለን በጋትሉዋክ ድምፅ የቀዳነውን አዲስ መልእክት ይዘን ሄደናል። አወጣሁት።

እናቷ በምርኩዟ ተነሳች። በአኙዋክኛ ነው የተናገረችው፤ አንድ መምህር አጠገቤ ሆኖ ይተረጉምልኛል።

«ልጄ በሕይወት እያለች ስትጠራኝ እሄድ ነበር። አሁን ብትጠራኝ የማልሄደው ለምንድን ነው? ያ ድምፅ ከእኔ የወጣ ነው። እኔ አለሁ። እኔ ስሞት ያኔ አውርዱት።»

ከዚያ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ተነጋገሩ። አንድ ክረምት ይቆይ፣ ክረምቱ ይፍረድ ተባለ። እኔ ግን ፍርሃቱ ከሰዉ ፊት እንዳልጠፋ አይቻለሁ፤ አምነው ሳይሆን አሮጊቷን አክብረው ነው ዝም ያሉት።

ክረምቱ ፈረደ። ጎሬ ላይ ለቀናት መዝነቡን ሰምተን ጋትሉዋክና እኔ ባትሪዎቹን ለማየት ኢታንግ ወርደን ነበር። ቀትር ላይ ነው። ሰማዩ ኢታንግ ላይ ንጹሕ ነው፣ ፀሐይ ታቃጥላለች፣ ወንዙም በቦታው ነው። ጎርፍ ይመጣል ብሎ የሚያስብ የለም። ከማል ሱቅ ውስጥ ውሃ እየጠጣሁ ከጣሪያው ላይ ድምፅዋን ሰማሁ። ያን ቀን ተራው የአኙዋክኛ ነበር። ቋንቋውን ባልችልም «አሪየት» የምትለዋን ቃል ማን ያጣታል? ብርጭቆዬን ትቼ ወደ መንገዱ ወጣሁ።

መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቆመ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንዲት ሴት አፏን በእጇ ያዘች። ኑዌርኛው ቀጠለ፤ አሁንም ሰው እንደቆመ ነው። ጋትሉዋክ ክንዴን ጨብጧል። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ሬዲዮ፣ የሷ የሕይወት ጥያቄ በሙሉ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያያል። ያን ጊዜ ከማዶ ያለው ቤት በር ተከፈተ። እናቷ ወጣች። በሩን ከኋላዋ ዘጋች፣ ገፋ አድርጋ መዘጋቱን አረጋገጠች፣ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ እንደ ሰው አነጋገረችው። አኙዋክኛ ትንሽ ትንሽ የሚሰማው ጋትሉዋክ በጆሮዬ ተረጎመልኝ፤ «እሺ ልጄ፣ ሰምቻለሁ፤ አትጩኺ» አለች። ከዚያ ምርኩዟን ተመርኩዛ ወደ ጉብታው መንገድ ገባች። አንዱ ወጣት ሮጦ ደገፋት። አፏን ይዛ የቆመችው ሴት ልጇን አነሳች። ከዚያ በኋላ ኢታንግ እንዴት እንደተነሳ አትጠይቁኝ። ሰፌድ ሙሉ ጤፍ ጥሎ የሮጠ አለ፣ ፍየል ተሸክሞ የወጣ አለ። ጆንያ የያዘ ግን አንድም ሰው አላየሁም።

ዞር ስል ከማል ሁለት ኩንታል ስኳር ደራርቦ ሦስተኛውን በትከሻው ይዟል። በዚያች ቅጽበት አማርኛው ደረሰ። «በር ላይ አትቁሙ፣ በር መቆሚያ አይደለም። ከማል፣ ስኳሩን ተወው።» ከማል ቀጥ አለ። ኩንታሉን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው። እንባው በጺሙ ላይ እየወረደ «እሺ፣ ተውኩት፣ ተውኩት» አለና ሱቁን ሳይቆልፍ ወጣ።

ውሃው የደረሰው ሁላችንም ጉብታው ላይ ከተቀመጥን ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው። ቡኒ ሆኖ፣ ግንድ እየገፋ፣ በገበያው መሀል ገብቶ ሱቁን አገኘው። «ባሮ ዛሬ ስኳር ይጠጣ» አለ ከማል፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። የወረዳው ኃላፊ የየቤቱን ሰዎች በስም እያስጠራ ነበር። ማንም አልጎደለም። አሮጊቷ ሲነግሯት ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ የምታውቀውን ነገር እንደነገሯት ሰው።

እኔ አልቻልኩም፤ ተነስቼ እንደ እብድ ጨፈርኩ። ጫማዬንም ወረወርኩ። ሳጥኑ ውሃው መሀል ቆርቆሮው ላይ ሆኖ ይታያል፤ አረንጓዴ መብራቱ እንደበራ ነው። «ቀደመ» እያልኩ ጋትሉዋክን አቀፍኩት። «ቀደመ እኮ፣ ወሬው ቀደመ።»

ጋትሉዋክ አቀፈኝ፤ ዓይኑ ግን ወደ እኔ አልነበረም። ውሃው ቁልቁል ወደ ምዕራብ የሚሄድበትን አቅጣጫ ያያል። ከዚያ ወዲያ ሳጥን አልተከልንም።

«ከዚያስ?» አለኝ።

ጭፈራዬን አቆምኩ። ከኢታንግ በታች ማታር ነው፤ የእሱ አገር፣ የእሱ እናት ያለችበት።

ስልኩን አወጣ። መጀመሪያ አልሠራም፤ ጉብታው ጫፍ ላይ ወጥቶ ክንዱን ዘርግቶ ሞከረ፣ ጠራለት። ከወዲያ የማያውቀው ሰው ነው ያነሳው መሰለኝ፣ ድምፁን ከፍ አደረገ። ስለ ውሃው ከመናገሩ በፊት ስሙን ተናገረ፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም። «ጋትሉዋክ ነኝ» ብሎ ጀመረ።